“ዲግሪዬን ስልክ ነጠቀኝ!”

ባለፈው የገና ሰሞን ላሊበላ ነበርኩ። ቤዛ ኩሉ ተዘምሮ፣ እንግዳው ሁሉ በየመኪናው ከሄደ በኋላ፣ ጥር 2 ቀን፣ ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው ይህን ልጅ ያገኘሁት። ሕግ ተመርቋል፤ ሥራ ግን የለውም። ጋዜጣ ላይ እንደምጽፍ ሲሰማ፣ “ጋሼ፣ የእናንተ አምድ የተከዳ ፍቅረኛ ብቻ ነው የሚመክረው? እኔን እኮ ስልክ ከድቶኛል፤ ዲግሪዬን ነጥቆኛል!” አለኝ። ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የላስታ ባለጉዳይ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ይሄዳል፤ ሰውየው ታይፑን እያንኳኳ የሚያውቃትን አንቀጽ ይጠቅስለታል፤ አለቀ። ነጋሪት ጋዜጣውን ማን አይቶት! ዛሬ አዋጁም፣ የሰበር ሰሚ ችሎት የውሳኔ ቅጾችም ስልክ ውስጥ ገብተዋል፤ ከቴሌግራም በነጻ ይወርዳሉ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የፌዴራል ሰበር ችሎት፣ ቢያንስ አምስት ዳኞች ተሰይመው የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፤ የላስታውንም ጭምር።

“ታዲያ ምን ከፋህ?” አልኩት።

“ጽሕፈት ቤት የከፈተ ጎረምሳ ሁሉ ቻትጂፒቲን ጠይቆ አቤቱታ ያትማል። የክፍል ጓደኞቼ አዲስ አበባ ገብተው ቲክቶክ ላይ ሕግ እያስተማሩ ስም አወጡ። እኔን ማን ይፈልገኛል?”

እልኸኛ ልጅ ነው። በ2015 ዓ.ም የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ሲሰጥ 50 ሳይሞላለት ቀረ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ታዲያ ምን አደረገ? ከጓደኛው በፍላሽ የገለበጣቸውን ቅጾች አንድ በአንድ አነበበ፤ በሚቀጥለው ዙር አለፈ። “ኔትወርክ ይጠፋል፤ ፍላሽ አይጠፋም” ይላል።

ይህን እያወራን ሳለ አንዲት እናት ወረቀት ይዘው መጡ። ከወንድማቸው ጋር በእርሻ መሬት ተካሰው ተረትተዋል፤ ወልድያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሊሉ ነው። አቤቱታው አምሮ ተጽፏል፤ የሰበር መዝገብ ቁጥር ሳይቀር ተጠቅሶበታል። ልጁ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ካለው ቅጽ ፈለገው። ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ስለተባረረ ሠራተኛ የተሰጠ ውሳኔ!

የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ሰኔ 2015 ዓ.ም ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ ፈጥሮ የሰጣቸውን የሌለ ፍርድ ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ለእነሱ 5,000 ዶላር ነው፤ ለእኚህ እናት ግን መሬታቸው ነው።

“እማማ፣ የተፈረደው መቼ ነው?”

“የኅዳር ሚካኤል ማግስት።”

ልጁ በጣቱ ቆጠረ። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ 49ኙ አልፏል። የቀረው 11 ቀን ነው፤ ወልድያ ደግሞ ወደ 180 ኪሎ ሜትር።

ያኔ ነው ምክሬን የሰጠሁት። አንቀጽ በመፈለግ ከስልክ ጋር አትሽቀዳደም፤ ትሸነፋለህ። ስልኩ ያመጣውን ግን ፈትሽ፤ ውሳኔውን ከራስጌ እስከ ግርጌ አንብብ። ሰበር የራሱን ትርጉም በኋላ ሊለውጥ ስለሚችል፣ የቆየ ቅጽ ይዘህ አትኩራ። የጥብቅና ፈቃድህንም ለማውጣት ዛሬውኑ ተነሳ፤ ያለ ፈቃድ ችሎት አትቆምምና። አዲስ አበባ መሄድ ያምርሃል? ሂድ፤ ግን እዚያ እንዳንተ ያለው ብዙ ነው፤ እዚህ ግን እማማ ፊትህ ቆመዋል።

መስማቱን እንጃ። አቤቱታውን ገልብጦ በእስክሪብቶ ሌላ መጻፍ ጀምሯል። እናትየው የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው፣ “ስንት ነው ልጄ?” አሉት።

ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ለካ ዋጋ ተጠይቆ አያውቅም!