የቀድሞው ላንድ ክሩዘር ወይስ አዲሱ? በደጋ መንገድ ለሚነግዱ ሰዎች የቀረበ ሐተታ

አውቶሞቢል ለነጋዴ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንደ እህሉ፣ እንደ ቆዳውና እንደ ጨርቃ ጨርቁ ሁሉ ዋና ገንዘብ ነው። ይልቁንም ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ለሚመላለስ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው፣ የመኪናው ምርጫ የትርፉና የኪሳራው ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህ አገር ባለጸጋው ነጋዴ አብዝቶ የሚመኘው ላንድ ክሩዘርን ስለ ሆነ፣ «የቀድሞውን ልግዛ ወይስ አዲሱን?» የሚለው ጥያቄ በየንግድ ቤቱ ዘወትር ይነሣል። እኛም የሁለቱን ጥቅምና ጉዳት አስተያይተን ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ የሚገባ መስሎ ታየን።

የዚህ መኪና የዘር ሐረግ የሚቆጠረው የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ከሠራው ጂፕ መሰል መኪና ነው፤ ላንድ ክሩዘር የሚለው ስም የተሰጠውም በ1954 ነው። በ1984 የወጣው ባለ 70 ተከታታይ እየታደሰ እስከ ዛሬ የሚሠራ ሲሆን፣ በመስክ ሥራ የታወቀ ነው። ለምቾት የተሠሩት ደግሞ በ1990 የወጣው ባለ 80፣ በ1998 የተከተለው ባለ 100፣ በ2007 የመጣውና ሕዝቡ «ቪ ኤይት» የሚለው ባለ 200፣ በመጨረሻም በ2021 የወጣው ባለ 300 ናቸው። የሚያስደንቀው፣ ከባለ 80 እስከ ባለ 300 ድረስ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ያው 2,850 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ከቁመናው ይልቅ በሞተሩና በውስጥ አሠራሩ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የአዲሱን ጥቅም እንመልከት። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ በለጋምቦ ደጋ የሚያልፈው መንገድም ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከኀይሉ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ይህም ማለት በመካነ ሰላም አደባባይ የቆመ የድሮ ናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ ጎድሎበታል ማለት ነው። ባለ ቱርቦው ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ይህን ጉድለት በብዙው ይሞላል። ባለ 200 በናፍጣ ሲሆን ስምንት ሲሊንደርና 4.5 ሊትር ሞተር አለው፤ ባለ 300 ደግሞ በስድስት ሲሊንደርና በ3.3 ሊትር ከእርሱ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። ክብደቱ በ200 ኪሎ ግራም ያህል ቀንሷል፤ ማርሹም ከስድስት ወደ ዐሥር ከፍ ብሏል። ዳገት ለመውጣትም ሆነ በሞተር ኀይል ታግዞ ቁልቁለት ለመውረድ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው።

የቀድሞውም የራሱ ክብር አለው። ባለ 80 ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል በሞላ ላይ የተሸከመ ስለ ሆነ ድንጋያማ መንገድ አያሸንፈውም። ፖምፓውና ኖዝሉ የቀድሞ ስልት ስለ ሆኑ፣ ልምድ ያለው መካኒክ ያለ ኮምፒዩተር ፈትቶ ይጠግነዋል። አዲሱ ሞተር ግን ናፍጣውን እጅግ በበረታ ግፊት የሚረጭ ስለ ሆነ፣ ከበርሜል የተቀዳ ውሃና ዝቃጭ ያለበት ናፍጣ ቢገባበት ኖዝሉ ባጭር ጊዜ ይበላሻል። በክረምት ዋልካው መንኰራኩሩን ይዞ በሚያስቀርበት ስፍራ መኪናው ከቆመና የሚመረምረው መሣሪያ ካልተገኘ፣ በሌላ መኪና ተጭኖ እስከ ደሴ ወይም እስከ አዲስ አበባ መሄዱ ነው።

የሕጉም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ዋጋው ናረ። ከዚያ ወዲህ የነጋዴው ምርጫ በአብዛኛው አስቀድመው አገር ውስጥ በገቡት መኪናዎች መካከል ሆነ፤ የቀድሞውም ዋጋ እንደ ዕድሜው የሚወርድ አልሆነም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል፣ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት 3,000,000 ብር ነው እንበል። አዲሱ በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ናፍጣ ቢያተርፍና በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ የሚተርፈው 900 ሊትር ነው። ሊትሩን በ150 ብር ብንገምተው 135,000 ብር ይሆናል። በዚህ ብቻ የዋጋው ልዩነት የሚመለሰው ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ያው 3,000,000 ብር በመኸር ጊዜ ለጤፍና ለባቄላ መግዣ ውሎ በዓመት ዐሥር በመቶ ብቻ ቢያተርፍ 300,000 ብር ያስገኛል። ስለዚህ «አዲሱ በነዳጅ ቁጠባ ዋጋውን ይመልሳል» የሚለው የደላላ ቃል ብዕር ሲያዝበት አይጸናም።

ነገር ግን በመዝገብ የማይጻፍ ሂሳብ አለ፤ እርሱም የሰው ሕይወት ነው። ወደ አባይ የሚወርደው ቁልቁለት ረጅም ነው፤ ከብዙዎቹ የባለ 80 መኪናዎች ውስጥ በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት የላቸውም። የኋለኞቹ ግን በዚህም ሆነ መንሸራተትን በሚከለክለው ፍሬናቸው እጅግ ይበልጣሉ። ሾፌሩንና ቤተ ሰቡን በየሳምንቱ በዚህ መንገድ የሚልክ ጌታ፣ ይህን ከብሩ ጋራ በአንድ ሚዛን ሊመዝነው አይገባም።

የደጋው ሰው በቅሎ ሲገዛ ጥርሷንና ኮቴዋን ይመረምራል እንጂ በኮርቻዋ ውበት አይታለልም። መኪና ገዢም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋራ መስማማቱን ይይ። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያስረዳ የጉምሩክ ወረቀት ይጠይቅ፤ ይህ ሳይጣራ ዋጋ የከፈለ ሰው ስሙን ማዛወር ሊያቅተው ይችላልና። ከሥር ገብቶ ሻንሲው አለመበየዱን ይመርምር፤ ሞተሩንም ሳይሞቅ በማለዳ አስነሥቶ ጢሱን ይመልከት።

ባጠቃላይ፣ ሥራው በመካነ ሰላም ዙሪያ በየገበያው መዞር የሆነ፣ በሚገባ የተያዘ የቀድሞ መኪናና የሚያምነው መካኒክ ያገኘ ነጋዴ፣ የቀድሞውን ይዞ የተረፈውን ገንዘብ በንግዱ ላይ ቢያውል የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬኑንና ጎማውን ያሳድስ። ወደ አዲስ አበባ ዘወትር የሚመላለስ፣ ንጹሕ ናፍጣ የሚያገኝና ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ያስቀመጠ ግን የኋለኛውን ቢገዛ አይጸጸትም። ለመኪናው መግዣ ካዝናውን አራግፎ የሚያወጣ ሰው ግን ሁለቱም አይበጁትም፤ የመጀመሪያው ብልሽት መኪናውንም ንግዱንም አብሮ ያቆምበታልና።