ስድቡ ቢወጣ ቀልዱ ይተርፋል?



ከፈተና በኋላ በየዶርሙ ላፕቶፕ ተከፍቶ ከሚታየው ውስጥ «የአዋቂ ካርቱን» የሚባለው ቀላል የማይባል ቦታ አለው። ሳውዝ ፓርክ፣ ፋሚሊ ጋይ፣ ሪክ ኤንድ ሞርቲ፣ በቅርቡም ሃዝቢን ሆቴል ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከቴሌግራም ወደ ቴሌግራም ይዞራሉ። ስለነዚህ ካርቱኖች ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ሁለት መልሶች ናቸው። አንዱ «አትዩ» ብሎ ይዘጋል። ሌላው «ቀልድ ነው፣ አታካብዱ» ብሎ ያልፋል።

ማየት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ኡስታዞቻችን ከእኔ በተሻለ ያስረዳሉ። እዚህ የሚብራራው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ጸሐፊዎቹ ጸያፍ ቃል ይህን ያህል የሚያበዙት ለምንድን ነው? ቃሉስ ለድርሰቱ በእርግጥ ይጠቅመዋል? ይህን ማወቅ የሚያስፈልገን ተመልካች ብቻ ስላልሆንን ነው። ዛሬ አጫጭር ቀልድ ጽፎ፣ በስልክ ቀርጾ የሚለቅ ተማሪ በየግቢው አለ። የምናየው ነገር ደግሞ ወደምንጽፈው መግባቱ አይቀርም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከየት ጀመረ?

በአሜሪካ ቴሌቪዥን ካርቱን ለብዙ ዓመታት የታወቀው የቅዳሜ ጠዋት የልጆች ፕሮግራም ሆኖ ነው። ይህን ልማድ ለመስበር የሞከሩ ነበሩ። በ1972 የራልፍ ባክሺ «ፍሪትዝ ዘ ካት» ለአዋቂ ብቻ የሚለውን የ«ኤክስ» ደረጃ ያገኘ የመጀመሪያው የካርቱን ፊልም ሆነ። በ1989 «ዘ ሲምፕሰንስ» በፎክስ ጣቢያ ሲጀምር ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያየው፣ ቀልዱ ግን ለአዋቂ የተጻፈ ካርቱን የምሽቱን ሰዓት ሊይዝ እንደሚችል አሳየ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1997 ትሬይ ፓርከርና ማት ስቶን «ሳውዝ ፓርክ»ን ኮሜዲ ሴንትራል በተባለው የኬብል ጣቢያ ሲጀምሩ ነው። ከወረቀት የተቆረጡ የሚመስሉ የ3ኛ ክፍል ልጆች ትልቅ ሰው እንኳ የሚያፍርበትን ቃል ይናገራሉ። የሚያስቀው በልጅ ሥዕልና በአዋቂ አፍ መካከል ያለው ርቀት ነበር። ተመልካቹ ያልጠበቀው ነገር ስለገጠመው ይስቃል።

በ1999 የወጣው የሳውዝ ፓርክ ፊልም 399 ጸያፍ ቃላት ተቆጥረውበት በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ፊልሙ 81 ደቂቃ ነው፤ ሲካፈል በየ12 ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። ነገር ግን ፍትሐዊ እንሁን። የዚያ ፊልም ታሪክ ራሱ ስለ ስድብ ነው። ልጆች ስድብ የሞላበት ፊልም አይተው ቃሉን ይማራሉ፣ ወላጆች ጥፋቱን በካናዳ ላይ ያላክካሉ፣ ነገሩም ጦርነት ድረስ ይሄዳል። የልጅ አፍ ሲበላሽ የሚጮኹ ወላጆች የሰው ደም ሲፈስ ዝም ማለታቸውን ሊያሳይ የተጻፈ ነው። ብንስማማም ባንስማማም፣ ስድቡን ብታወጡት ታሪኩ ይፈርሳል። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ግን ስድቡን ወሰዱና ምክንያቱን ተዉት።

ሕጉ ሲላላ ምን ሆነ?

ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። በ1973 በኒውዮርክ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ የኮሜዲያኑን ጆርጅ ካርሊን ጸያፍ ቃላት የተዘረዘሩበት ቀልድ በቀን አስተላለፈ። ከልጁ ጋር በመኪና ሲሄድ የሰማ አባት አመለከተ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 በ5 ለ4 ድምፅ መንግሥት በአየር ላይ የሚተላለፍ ጸያፍ ንግግርን መቆጣጠር እንደሚችል ተወሰነ። ዛሬም በነጻ አየር በሚሰራጩ ጣቢያዎች ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እንዲህ ያለ ንግግር አይፈቀድም።

ይህ ደንብ ደንበኛው ከፍሎ የሚያስገባውን ኬብል አይመለከትም። ያም ሆኖ የኬብል ጣቢያዎች ማስታወቂያ አስነጋሪዎቻቸውን ላለማስቀየም ሲሉ ራሳቸውን ይቆጣጠሩ ነበር፤ ቃሉን በ«ቢፕ» ድምፅ ይሸፍኑታል። እንደ ኔትፍሊክስና አማዞን ያሉት የኢንተርኔት አገልግሎቶች ሲመጡ ይህም ቀረ። ጸሐፊውን «እዚህ ላይ ቁም» የሚለው አካል ጠፋ።

ጸሐፊ ነጻ ሲወጣ የተሻለ ይጽፋል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። ሁልጊዜ ግን እንዲያ አይሆንም። ክልከላ ያለበት ጸሐፊ መንገድ ይፈልጋል፤ ቃሉን በግማሽ ይተወዋል፣ በዝምታ ይተካዋል፣ በገጸ ባህሪው ፊት ላይ ያሳየዋል። ከ1997 እስከ 2009 በፎክስ የተላለፈው «ኪንግ ኦፍ ዘ ሂል» ጥሩ ምሳሌ ነው። ዋናው ሰው ሃንክ ሂል በቴክሳስ የሚኖር የፕሮፔን ጋዝ ሻጭ ነው። ልጁን ይወዳል፣ መውደዱን ግን አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ጭንቅ ነው። ጉዳዩ የአዋቂ ነው፤ የሚያስቀውም ቃሉ ሳይሆን ሰውየው ነው።

ጸሐፊዎቹ ምን ይላሉ?

ጸያፍ ቃል ለማብዛት የሚቀርቡት ምክንያቶች በሦስት ይጠቃለላሉ።

አንደኛው መለያ ነው። አዲስ ካርቱን በመጀመሪያው ደቂቃ «እኔ የልጆች አይደለሁም» ማለት ይፈልጋል። ለዚህ ቀላሉ መንገድ ስድብ ነው። ችግሩ፣ ይህ መልእክት አንዴ ከተላለፈ በኋላ መደጋገም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ቅለት ነው። ጥሩ ቀልድ መሠረት ይጠይቃል። ገጸ ባህሪውን ማስተዋወቅ፣ ተመልካቹ አንድ ነገር እንዲጠብቅ ማድረግ፣ ከዚያ ሌላ ማምጣት ያስፈልጋል። ስድብ ይህን ሁሉ ሳያደርጉ ድንጋጤ ይሰጣል፤ ድንጋጤና ሳቅ ደግሞ ጎረቤት ናቸው።

ሦስተኛው «ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው» የሚለው ነው። እውነት አለው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሰው ሁሉ እኩል አይሳደብም። የሚሳደበውም ቢሆን ከእናቱ ጋርና ከጓደኛው ጋር አንድ ዓይነት አይናገርም። በ2024 በአማዞን ፕራይም የጀመረው «ሃዝቢን ሆቴል» ታሪኩ በጀሐነም ውስጥ ስለሆነ ገጸ ባህሪያቱ አፋቸው ቢበላሽ አይገርምም ይባላል። ይሁንና እዚያው ካርቱን ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራውና ከተመልካች አእምሮ የማይጠፋው አላስተር ነው። እሱ ደግሞ እንደ ድሮ የሬዲዮ አስተዋዋቂ በትሕትና ፈገግ እያለ የሚናገር ነው። ሁሉም በሚሳደብበት ቦታ ጎልቶ የሚሰማው ጨዋው ነው።

ድምፅ ማጉያው መጨረሻ ላይ ሲደርስ

በኤሌክትሮኒክስ ትምህርት የምናውቀው ነገር አለ። ድምፅ ማጉያን እስከ መጨረሻ ከከፈታችሁት በኋላ የሚገባው ድምፅ ቢጨምርም የሚወጣው አይጨምርም፤ ይቆራረጣል፣ ይበላሻል። ሹክሹክታውም ጩኸቱም አንድ ይሆናል። ጸያፍ ቃልም እንዲሁ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከብርቅነቱ ነው። በየመስመሩ ያወጣው ጸሐፊ፣ ገጸ ባህሪው በእውነት በተቆጣ ቀን የሚያወጣው ነገር አይኖረውም።

ይህን ሳውዝ ፓርክ ራሱ ተናግሮታል። በ2001 በተላለፈ አንድ ክፍል አንድ ጸያፍ ቃል 162 ጊዜ ይባላል፤ በስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥሩን የሚመዘግብ ቆጣሪም አለ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ቃሉን በአየር ላይ እናገራለሁ ይላል፣ ከተማው ሁሉ በጉጉት ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ቃሉን ሳያቋርጥ ይለዋል፣ በመጨረሻ ወረርሽኝ ይመጣል። ልጆቹ የሚደርሱበት መደምደሚያ ቃሉ ሲበዛ ኃይሉን ያጣል፣ ስለዚህ ለብርቅ ጊዜ ብቻ ይቀመጥ የሚል ነው። በስድብ ስሙን ያስጠራ ካርቱን ይህን ማለቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ትምህርቱን በተግባር ያዋለው የኔትፍሊክሱ «ቦጃክ ሆርስማን» (2014–2020) ነው። ይህ ካርቱን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ መጠጥም፣ ሱስም፣ ሌላ ብልግናም ሞልቶበታል፤ እዩት ለማለትም አላነሳሁትም። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ በእንግሊዝኛ ከባድ የሚባለውን ያንን አንድ ቃል በአንድ ሲዝን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙበት ነበር፤ ቦጃክ ከአንድ ሰው ጋር ያለው ግንኙነት ሊጠገን በማይችልበት ሁኔታ ሲበጠስ። በመጀመሪያው ሲዝን በካንሰር የታመመ የድሮ ጓደኛው ሄርብ፣ በክፉ ቀን የከዳውን ቦጃክን ይቅር አልልህም ብሎ ከቤቱ ሲያስወጣው ይሰማል። የከለከላቸው ሕግ አልነበረም። ተመልካቹም ቃሉን ሲሰማ «አሁን አንድ ነገር አለቀ» ብሎ ያውቃል።

ድንበር የሚጥስ ቀልድ ማን ላይ ያርፋል?

ከስድቡ ጋር የሚመጣው ሌላው ነገር ድንበር መጣስን እንደ ጀግንነት የሚያይ ቀልድ ነው። «ሁሉንም እኩል ነው የምንቀልድበት» ይባላል። ቀልዱ የሚያርፍበት ሰው ግን እኩል ትከሻ የለውም። ሥልጣን ባለው ሰው ላይ ያረፈ ቀልድ ግብዝነቱን ያጋልጣል፤ ደካማው ላይ ሲያርፍ ግን የነበረበትን ሸክም ይጨምራል።

በ«ዘ ሲምፕሰንስ» ውስጥ አፑ የሚባል ሕንዳዊ ባለሱቅ አለ። በታሪኩ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያለው ሰው ነው። ተመልካች የሚያስታውሰው ግን ዶክትሬቱን ሳይሆን የተጋነነውን አነጋገሩን ነው። ድምፁን የሚሰጠው ሃንክ አዛሪያም ሕንዳዊ አልነበረም። ኮሜዲያኑ ሃሪ ኮንዳቦሉ በ2017 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ያደጉ የደቡብ እስያ ልጆች በዚህ ገጸ ባህሪ ስም ሲጠሩና አነጋገሩ ሲቀለድባቸው እንደኖሩ አሳየ። አዛሪያ በ2020 ድምፁን መስጠት እንደሚያቆም አስታወቀ። ቀልዱ ሲጻፍ ቀላል ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የቆመ ልጅ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከየክልሉ የመጣን ተማሪዎች አንድ ዶርም ውስጥ ስድስትም ስምንትም ሆነን እንኖራለን። በጓደኛ አማርኛ አነጋገር፣ በብሔሩ፣ በአካሉ፣ በእህታችን አለባበስ ላይ የሚነገር ቀልድ የሚያስቀው ተናጋሪውን ነው። የሳቀው ሁሉም ወድዶ አይደለም፤ ብቻውን ላለመሆን የሚስቅ አለ።

በሰው ቋንቋ ሲሆን ይቀላል

አንድ ነገር እንጨምር። ባለብዙ ቋንቋ ሰዎችን ያጠኑ ምሁራን፣ ሰው በኋላ በተማረው ቋንቋ ሲሳደብ የቃሉ ክብደት ብዙም እንደማይሰማው ጽፈዋል። በእንግሊዝኛ የለመድነውን ቃል ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ስልጢኛ መልሰን እናታችን ፊት ለመናገር እንሞክር። አንደበት ይያዛል። ቃሉ ድሮም ከባድ ነበር፤ ቀላል የመሰለን የሰው ቋንቋ ስለሆነ ነው።

ዑለሞቻችን ይህን ጉዳይ ቀድመው አስበውበታል። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁሏህ) በ«ኢሕያእ ዑሉሙዲን» ውስጥ ለምላስ አደጋዎች ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተው 20 ዘርዝረዋል። ጸያፍ ንግግርን አሳፋሪ ነገርን በግልጽ ቃል ማውጣት ነው ሲሉ ይተረጉሙታል፤ ጨዋ ሰው ግን በምልክት ወይም በተሸፈነ አባባል ያልፈዋል። በቁርኣን መጸዳዳትን ለማመልከት የመጣው ቃል መሠረቱ ዝቅ ያለ መሬት ማለት እንደሆነ በመድረሳ የተማረ ያስታውሳል። መልእክቱ ሳይጎድል ቃሉ ተሸፍኗል።

ይህ ማለት ቀልድ የለም ማለት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር። አንድ ሰው የሚጫነው እንስሳ ሲለምናቸው የግመል ልጅ እሰጥሃለሁ ይሉታል። ሰውየው ግልገል ምን ያደርግልኛል ብሎ ግራ ሲጋባ፣ ትልቁንም ግመል የወለደችው ግመል አይደለች ወይ ብለው ያሳስቡታል። ውሸት የለበትም፣ የተዋረደ ሰው የለም፣ ሳቁ ግን አለ። እስከ ዛሬም ያስቃል።

ስናይም ስንጽፍም

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስናይ፣ ወይም ራሳችን ስንጽፍ፣ ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ።

1. ጸያፉ ቃል ቢወጣ ቀልዱ ይተርፋል? ካልተረፈ መጀመሪያውኑ ቀልድ አልነበረም።

2. የተናጋሪዎቹ ስም ቢሸፈን ማን እንደተናገረ ይታወቃል? ካልታወቀ ሁሉም በአንድ አፍ እየተናገሩ ነው።

3. ቀልዱ የሚያርፍበት ሰው አጠገባችን ቢቀመጥ እንደግመዋለን? ካልደገምነው ችግሩን ቀድመን አውቀነዋል ማለት ነው።

በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ለአዋቂ የሚሆን ካርቱን የሚሠራ ሰው ከመካከላችን መውጣቱ አይቀርም። ኮምፒውተሩም ችሎታውም እየመጣ ነው። ያ ሰው ሌሎች በ25 ዓመት ሞክረው የሰለቹትን ነገር እንደ አዲስ ከሚጀምር፣ እነሱ ደክመው የደረሱበትን ትምህርት ይዞ ቢነሳ ይሻለዋል።

አላህ ምላሳችንንም ብዕራችንንም ይጠብቅልን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።