አንድ ገጽ፣ ብዙ መንገድ

እነ ዎርድፕሬስና ድሩፓልን የመሳሰሉ የድረ ገጽ ይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች ገጾችን በዛፍ አምሳል ለማደራጀት ያስችላሉ፤ ይኸውም ከመነሻው ገጽ ዐበይት ርእሶች፣ ከእነርሱም ንኡሳን ርእሶች ይወጣሉ። ስሌቱ ማራኪ ነው። እያንዳንዱ ገጽ 10 ልጆች ቢኖሩት፣ አንባቢው ሦስት ጊዜ ብቻ በመጫን ከ1000 ገጾች ወደ አንዱ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ዛፍ ጥብቅ ሕግ አለው፤ አንድ ገጽ ከአንድ ወላጅ በላይ ሊኖረው አይችልም።

ሕጉ የሚያስቸግርበትን ስፍራ ለማየት ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንሻገር። ለገዳሙ የብራና መጻሕፍት ድረ ገጽ እናዘጋጃለን እንበል። እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ከየትኛው ርእስ ሥር ይግባ? አራቱን ወንጌላት የያዘ በመሆኑ «ቅዱሳት መጻሕፍት» ከሚለው ሥር ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕልም አለበት፤ ከዚህም በላይ ለገዳሙ ያበረከቷቸው መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። የቤተ መጻሕፍትን ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን ዝርዝር ከወንጌል ገጽ ሥር ለመፈለግ አያስብም፤ ለእርሱ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ብዙ ድረ ገጽ አዘጋጆች በዚህ ጊዜ ገጹን ቀድተው በሁለት ቦታ ያስቀምጡታል። ይህ መጥፎ ልማድ ነው። አንዱ ሲታረም ሌላው ከነስሕተቱ ይቀራልና።

የሚያስገርመው፣ መፍትሔው ከጥንት ጀምሮ በግእዝ ወንጌላት መግቢያ ላይ ይገኛል፤ የአባ ገሪማ ወንጌላት ለዚህ ምስክር ናቸው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሣርያው አውሳብዮስ የወንጌላቱን ክፍሎች ቁጥር ሰጥቶ 10 ሠንጠረዦች አዘጋጀ። አንደኛው በአራቱም ወንጌላት የሚገኘውን፣ ዐሥረኛው በአንዱ ብቻ የሚገኘውን ይዘረዝራል። አምስት ሺህ ሰዎች የተመገቡበት ታሪክ ማቴዎስ 147፣ ማርቆስ 64፣ ሉቃስ 93፣ ዮሐንስ 49 ተብሎ በአንድ መስመር ተቀምጧል። ከእርሱ በፊት አሞንዮስ ሦስቱን ወንጌላት እየቆራረጠ ከማቴዎስ ጎን በመደርደሩ የንባባቸው ቅደም ተከተል ፈርሶ ነበር። አውሳብዮስ ግን ንባቡን ከስፍራው አላነቃነቀም፤ ዝምድናውን ብቻ ከንባቡ ውጭ መዘገበ። ይዘትንና አደረጃጀትን መለየት ማለት ይህ ነው። (የኮምፒውተር ባለሙያዎች ግኝቱን ለራሳቸው ባይወስዱት መልካም ነበር!)

በድሩፓልም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዱ ይዘት መለያ ቁጥር ያገኛል፤ ከዚያም «ወንጌል»፣ «ሥዕል»፣ «የመጻሕፍት ዝርዝር» የሚሉ መጠሪያዎች በአንድነት ሊሰጡት ይችላሉ። ቁጥሩ ስለ ርእሱ ምንም ባይናገር ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ይህን ወንጌል 1832 ብሎ መዝግቦታል፤ ምደባው ቢለዋወጥም ቁጥሩ ያው ነው። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ግን የራሱ ገጽና ቁጥር ቢኖረው፣ በውስጡ የተጠቀሰው እያንዳንዱ መጽሐፍም በተራው ሌላ ገጽ ሆኖ ከ1832 ጋር ይያያዛል።