የታድሞር ንግድና የጽሕፈት ቋንቋዋ ፍጻሜ

ግሪኮችና ሮማውያን ፓልሚራ ያሏት ታድሞር በሶርያ በረሃ መካከል፣ በምንጭ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስሟ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት በተጻፉት የማሪ የሸክላ ጽላቶች ላይ ይገኛል፤ የገነነችው ግን በሮማ ግዛትና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ መካከል የሚመላለሰውን የሲራራ ንግድ በያዘች ጊዜ ነው። በሮማ ምሥራቃዊ ግዛት ብዙ ከተሞች የአደባባይ ጽሑፋቸውን በግሪክኛ ብቻ ሲያቆሙ፣ ታድሞር የራሷን አራማይክ በራሷ ፊደል ከግሪክኛው ጎን ታስቀርጽ ነበር።

ከእነዚህ ጽሑፎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ137 የወጣው የቀረጥ ሕግ ነው። በቀድሞው ሕግ ያልተዘረዘሩ ብዙ ሸቀጦች በልማድ ይቀረጡ ስለነበር፣ በነጋዴዎችና በቀረጥ ሰብሳቢዎች መካከል ክርክር እየተነሣ አስቸገረ፤ ምክር ቤቱም ተመኑን በሁለቱ ቋንቋዎች በድንጋይ አስቀረጸ። በአራማይኩ ክፍል ምክር ቤቱ፣ ሕዝቡና ሕጉ የሚጠሩት «ቡሌ»፣ «ዴሞስ» እና «ኖሞስ» ከተባሉት የግሪክኛ ቃላት በተወሰዱ ስሞች ነው። ግመሉና ጭነቱ ግን ሴማዊ ስማቸውን እንደያዙ ናቸው። የግመሉ ሥር ገ-መ-ለ፣ የጭነቱ ጠ-ዐ-ነ ነው። ይህ ሁለተኛው ከግእዙ «ጸዐነ» እና ከአማርኛው «ጫነ» ጋር ይዛመዳል፤ በአራማይክ «ጠ» የሆነው ጥንታዊ ድምፅ በግእዝ «ጸ» ሆኗልና።

ሳሳኒያውያን እ.ኤ.አ. በ224 የፓርቲያን ንጉሥ ድል ከነሡ በኋላ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚወስደው የንግድ መንገድ እየጠበበ ሄደ። ንግሥት ዘኖቢያ ሥልጣኗን እስከ ግብፅ ብታደርስም፣ ቄሣር አውሬሊያን በ272 ከተማዋን ያዘ፤ በ273 ዳግም ብታምፅ አዘረፋት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ፣ ዘመናቸው የተመዘገበ የታድሞር ፊደል ጽሑፎች ይቋረጣሉ። ቦታው ግን ባዶ አልሆነም፤ የሮማ ጦር ሰፈረበት። አራማይክም በሶርያ መነገሩን ቀጠለ።

ስለዚህ የታድሞር ታሪክ የጽሕፈትን መጥፋት ከቋንቋ ሞት ለይቶ ማየት እንደሚገባ ያስተምራል። ተናጋሪዎች እያሉ ጽሕፈቱ የከሰመው፣ ያንን ፊደል የሚሹት ምክር ቤት፣ የቀረጥ ኬላና የሲራራ ባለሀብቶች አቅም በማጣታቸው ነው። አንድ ቋንቋ ስንት ተናጋሪ እንዳለው ከመቁጠር ጋር፣ በጽሑፍ የሚፈልገው ማን እንደሆነ መጠየቅም ያስፈልጋል። የንግዱ ልማድ ግን አንድ ውለታ ትቶ አልፏል፤ ዣን ዣክ ባርተለሚ እ.ኤ.አ. በ1754 ፊደሉን ሊፈታ የቻለው ከጎኑ የተቀረጸውን ግሪክኛ ተመርኩዞ ነበር።