ስልክ ውኃ ሲገባበት

የዘመናችን ስልክ ለወሬ ብቻ የሚያገለግል መሣሪያ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላኪያና መቀበያም ሆኗል፤ ተማሪ ትምህርቱን ያነብበታል፤ ቤተ ሰብም ፎቶግራፉንና ድምፁን ያኖርበታል። ይህን ያህል አደራ የተሸከመ ዕቃ ውኃ ሲገባበት ምን ማድረግ እንደሚገባ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። እኔም አለማወቄ ስለ ጎዳኝ ይህን ለጓደኞቼ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ባለፈው የከረን ዝናም ወራት እዚሁ አውበሬ እናቴ ከብርካ ውኃ ስትቀዳ ስልኳ ከእጇ አምልጦ ገባ። ፈጥነን አወጣነው፤ መብራቱም ገና አልጠፋም ነበር። እኔ ግን ደኅንነቱን ለማወቅ ቸኩዬ ከቻርጀር ጋር አገናኘሁት። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ፤ ከዚያም ወዲህ አልተነሣም። የቴሌብር ገንዘቧ የተመዘገበው በስልክ ቁጥሯ ስለ ሆነ ሲም ካርዷ ሌላ ስልክ ላይ ሲገባ ተገኘ። ነገር ግን ሟቹ አያቴ የዘር ሐረጋችንን ሲቆጥሩ የተቀዳው ድምፅ ሌላ ቅጂ አልነበረውምና ከስልኩ ጋር ቀረ።

ስልኩን ያበላሸው ውኃው ብቻ አይደለም፤ ውኃና ኤሌክትሪክ ተባብረው ነው። ፍጹም ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም። የብርካ ውኃ ግን ከመሬት የታጠበ ጨው ስላለበት ያስተላልፋል። የስልክ ባትሪ ኃይል 3.7 ቮልት ያህል ሲሆን፣ ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክሲጅን ለመለያየት በመሠረቱ 1.23 ቮልት ይበቃል። ስለዚህ በእርጥብ ስልክ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲመላለስ በኬሚስትሪ የምንማረው ኤሌክትሮሊሲስ ይጀምራል፤ ቀጫጭኖቹ የመዳብ መስመሮችም ይሟሟሉ፣ ይዝጋሉ።

ከዚህ የምንረዳው የመጀመሪያው ሕግ፣ ስልኩን ወዲያውኑ ማጥፋት ነው። ይሠራ እንደ ሆነ ለመሞከር መክፈትም ሆነ ቻርጅ ማድረግ አይገባም። ከዚያ በኋላ ሽፋኑንና ሲም ካርዱን፣ የሚነቀል ከሆነም ባትሪውን ማውጣት፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፤ የቻርጀሩን ቀዳዳ ወደ ታች አድርጎ በቀስታ መታ መታ ማድረግ ነው። በአፍ መንፋት እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ቀጥሎም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥፍራ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ይልቁንም ሁለት ቀን ማቆየት ነው። በጅላል ደረቁ ነፋስ ይረዳናል፤ በከረን ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለ ሆነ ትዕግሥት ይጨመር። ሙቀት ባትሪውን ስለሚጎዳ ከምድጃ አጠገብ ወይም ከፀሐይ ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

ብዙ ሰው «በሩዝ ውስጥ ቅበረው» ይላል። ሩዝ ከቤታችን አይጠፋምና ምክሩ ይቀልላል፤ ነገር ግን ሩዙ በስልኩ ሆድ ያለውን ውኃ ስቦ አያወጣም፣ ብናኙም በቀዳዳው ይገባል። አፕል የተባለው ስልክ ሠሪ ኩባንያም ደንበኞቹ ይህን እንዳያደርጉ ያስጠነቅቃል። ደግሞም ውኃው ቢደርቅ ጨው ይቀራል፤ ዝገቱም ውሎ አድሮ ይቀጥላል። ስለዚህ ስልኩ ቢነሣ እንኳ ለጠጋኝ ማሳየት ይበጃል። ጠጋኙ ከፍቶ ቦርዱን ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጥበዋል፤ አልኮሉም ውኃውን ይዞ ይተንናል።

አይፒ 67 የሚል ምልክት ያለው ስልክ በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ የተፈተነ ነው። ይሁን እንጂ ፈተናው በአዲስ ስልክና በንጹሕ ውኃ የተደረገ ስለ ሆነ፣ ማሸጊያው ላረጀ ስልክ ዋስትና አይሆንም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አላገኘሁም። እናንተ ጓደኞቼ ሆይ፣ በቤታችሁ ስልክ የሽማግሌ ድምፅ ካለ ዛሬውኑ በሌላ ስልክ ቅጂውን አኑሩ።