የምሳ ቅጽ ድህነትን ሲቆጥር

አሜሪካ ውስጥ ስለ አንድ ትምህርት ቤት መረጃ የሚፈልግ ወላጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይኑር ሚኒያፖሊስ፣ ከፈተናው ውጤት ጎን ብዙ ጊዜ ሌላ ቁጥር ያገኛል፦ ምሳ በነጻ ወይም በቅናሽ የሚገባቸው ተማሪዎች ድርሻ። ብዙዎቻችን ቁጥሩን የድሃ ልጆች ብዛት አድርገን እናነበዋለን። ተመራማሪውም በጀት መዳቢውም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሲያነቡት ኖረዋል። ቁጥሩ ግን የመጣው ልጆችን ለማብላት ከወጣ ደንብ ነው።

ፕሬዚዳንት ትሩማን የትምህርት ቤት ምሳ ሕጉን የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ዛሬ የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት ወለል 130 በመቶ ካልበለጠ ልጁ በነጻ ይበላል፤ እስከ 185 በመቶ ከሆነ ደግሞ ለምሳው ከ40 ሳንቲም በላይ አይጠየቅም። በ2024–25 የትምህርት ዘመን አራት ሰው ላለው ቤተሰብ ጣሪያዎቹ በዓመት 40,560 እና 57,720 ዶላር ነበሩ። ስለዚህ በዚህ ቁጥር "ድሃ" የተባለው ልጅ፣ ቤተሰቡ የወለሉን እጥፍ ሊያክል ጥቂት የቀረው ገቢ ሊኖረው ይችላል። ወለሉ ራሱም ኒውዮርክ ውስጥና ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ ነው፤ የቤት ኪራዩ ግን አንድ አይደለም። መነሻው በ1960ዎቹ የሶሻል ሴኩሪቲ ባልደረባዋ ሞሊ ኦርሻንስኪ የርካሽ ቀለብን ወጪ በሦስት አባዝታ ያወጣችው ስሌት ነው። ያኔ ቤተሰብ ከገቢው ሲሶ ያህሉን ለምግብ ያውል ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መለኪያው በጣም የተለያዩ ልጆችን አንድ ላይ መጨፍለቁ ነው። አባቱ ሥራ ያጣበት ዓመት ብቻ የከበደው ልጅና ትምህርት ከጀመረ አንስቶ ቤቱ ሞልቶ የማያውቅ ልጅ በቁጥሩ ውስጥ እኩል ናቸው። ሱዛን ዳይናርስኪና ካትሪን ሚሼልሞር የሚሺጋንን ተማሪዎች መዝገብ ዓመት በዓመት ተከትለው ሲያዩ፣ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ በዚያ ዓመት ድጎማው ይገባቸው ነበር። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አንድም ዓመት ሳያርፉ የተቸገሩት ግን 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። በውጤትም እጅግ ወደ ኋላ የቀሩት እነዚህ ናቸው። ግማሹን ክፍል "ድሃ" ብሎ የሚያልፍ ቁጥር እነሱን ለይቶ አያሳየንም።

የምሳውን ማመልከቻ ቅጽ የማይሞላም አለ። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ በጓደኞቹ ፊት እንዳያፍር ሲል ምሳውን ይተዋል፤ ወላጁም ወረቀቱን ሳይመልስ ይቀራል።

በ2010 የወጣ ሌላ የትምህርት ቤት ምግብ ሕግ ይህን እፍረት የሚያስቀር መንገድ ከፈተ። ከ2014 ጀምሮ በመላ አገሪቱ፣ ቤተሰባቸው ፉድ ስታምፕን የመሰለ እርዳታ ስለሚያገኝ ያለ ቅጽ የሚታወቁ ልጆች 40 በመቶ የደረሱበት ትምህርት ቤት ሁሉንም ተማሪ በነጻ ማብላት ቻለ፤ በ2023 የሚጠየቀው ድርሻ ወደ 25 በመቶ ወረደ። መንግሥት ሂሳቡን ሲከፍል የእነዚያን ልጆች ድርሻ በ1.6 ያባዛል። 62.5 በመቶ ላይ ሲደርስ ስሌቱ መቶ ይሞላል። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በነጻ የሚበላበት ትምህርት ቤት በአንዳንድ መዝገብ መቶ በመቶ ድሃ ሆኖ ይታያል፤ ከሰፈሩ ግን አንድም ቤተሰብ አልደኸየም። ካሊፎርኒያ፣ ሜይንና ሚኒሶታ ደግሞ ምሳውን ለሁሉም ተማሪ ነጻ አድርገዋል።

ማብላቱ በተሻሻለ ቁጥር መለኪያው ተበላሸ። ይህ በእኔ እምነት መልካም ኪሳራ ነው፤ ለስታቲስቲክስ ሲባል ልጅን እንደገና በወረቀት ማሳፈር አይገባም። ሌላ መለኪያ ይፈለግ። ብዙ ክፍላተ ሀገር አሁን የሚቆጥሩት በእርዳታ መዝገብ የተገኙትን ልጆች ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ጠበብ ያለና ለእውነተኛው ችግር የቀረበ ነው። ግን የስደተኛ ሰፈሮችን ሳስብ እዚህም እሰጋለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴን ያበላሽብኛል ብሎ ፉድ ስታምፕ የማይጠይቅ ወላጅ ልጁ በዚያ መዝገብ ላይኖር ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤትም ከእውነቱ ይልቅ የደላው መስሎ በጀት ፊት ይቀርባል።