«ተተክሏል» እና «ተጭኗል»፦ የሊኑክስ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨርን ስለሚመለከቱ ግሦች

1. መነሻ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ጉዳይ ሲነሣ አብዛኛው ክርክር የሚያተኩረው በስሞች ላይ ነው። «ድራይቨር» የሚለው ቃል ነጂ ይባል፣ አሽከርካሪ ይባል ወይስ እንዳለ ይወሰድ በሚለው ጥያቄ ላይ ብዙ ይባላል። ከስሙ ጋር አብረው ስለሚመጡት ግሦች ግን እምብዛም አይነሣም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ተጠቃሚውን ከመንገድ የሚያስተው ብዙውን ጊዜ ስሙ ሳይሆን ግሡ መሆኑን ነው። ለዚህም በሊኑክስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ የግራፊክስ ካርድን ድራይቨር ሥራ ላይ ማዋልን በምሳሌነት ወስደናል።

ጉዳዩን የምናየው በጫሞ ሐይቅ አካባቢ ካለው አንባቢ አንጻር ነው። በአርባ ምንጭ ከተማ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው ተቋም በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ ብዙ የቴክኖሎጂ ተማሪዎችን ያስተምራል። በከተማዋና በዙሪያዋ የጋሞ፣ የዘይሴ፣ የኮሬና የወላይታ ቋንቋ ተናጋሪዎች ይገናኛሉ፤ ለብዙዎቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው አሻሚ ቃል ሲገጥመው በልማድ ብዛት ሊያልፈው ይችላል። በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ሰው ግን የሚተማመነው በተጻፈው ቃል ላይ ነው። ስለዚህ አማርኛው ግልጽ መሆኑና አለመሆኑ ይበልጥ የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው ለማለት ይቻላል።

2. ነገሩ ምንድን ነው?

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ሊኑክስ በጠባብ ትርጉሙ የሥርዓቱ አስኳል ነው። አስኳል ስንል ማኅደረ ትውስታንና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረውን፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አስቀድሞ ሥራ የሚጀምረውን ዋና ክፍል ማለታችን ነው። ግራፊክስ ካርድ ምስልን አስልቶ ወደ መመልከቻው የሚልክ መሣሪያ ሲሆን፣ ትእዛዝ የሚቀበለው ሠሪው ባወጣለት የራሱ ደንብ ብቻ ነው። በአስኳሉና በካርዱ መካከል ሆኖ የአንዱን ትእዛዝ ለሌላው በሚገባው መንገድ የሚያቀርበው ሶፍትዌር ድራይቨር ይባላል።

የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን በአስኳሉ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ሞጁል ነው። ሁለተኛው ከአስኳሉ ውጭ ሆኖ የሥዕል ፕሮግራሞችን የሚያገለግል ስብስብ ነው፤ ሜሳ የተባለው ሥራ የዚህ ዓይነት ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ካርዶች ሞጁሎች ከአስኳሉ ጋር አብረው ስለሚመጡ ተጠቃሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ነገር የለም። ለምሳሌ የኤኤምዲ አዲሱ ሞጁል እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው በአስኳሉ 4.2 እትም ውስጥ ገብቷል። የኤንቪዲያ ካርድ ግን ሁለት አማራጭ አለው። አንዱ በፈቃደኞች የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አስኳሉ የገባው ኑቮ ነው፤ ሌላው ኩባንያው ራሱ የሚያወጣው ነው። ሁለቱ አንድን ካርድ በአንድ ጊዜ ሊይዙት አይችሉም።

ኩባንያው የሚያወጣው ሞጁል ከአስኳሉ ተለይቶ ስለሚመጣ በእያንዳንዱ የአስኳል እትም ልክ መጠናቀር አለበት። አስኳሉ በዘመነ ቁጥር ይህን ማጠናቀር በራሱ የሚደግመው ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያ ነው። ከዚህም ሌላ ኮምፒዩተሩ ፊርማ የሌለውን ነገር እንዳያስነሣ ተደርጎ የተዘጋጀ ከሆነ፣ ያልተፈረመ ሞጁል አስኳሉ ውስጥ አይገባም። ባለቤቱ የማረጋገጫ ቁልፉን አስመዝግቦ፣ ኮምፒዩተሩ ዳግም ሲነሣ በሚቀርበው ገጽ ላይ ምዝገባውን በይለፍ ቃል ማጽደቅ ይኖርበታል።

3. የአንድ ግሥ ሦስት ሸክም

በእጅ ስልኮችና በኮምፒዩተሮች ገጽ ላይ በሰፊው የሚታየው የአማርኛ ግሥ «መጫን» ነው። ይህ አንድ ግሥ ሦስት ልዩ ልዩ ተግባሮችን ተሸክሟል። አንደኛው የአንድን ፕሮግራም ፋይሎች በዲስክ ላይ ማስቀመጥና ማደራጀት ነው። ሁለተኛው የተቀመጠውን ፋይል አንሥቶ ወደ ማኅደረ ትውስታ፣ በሞጁልም ጊዜ ወደ አስኳሉ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ጣትን በቁልፍ ላይ ማሳረፍ ነው።

የችግሩ ሥር በከፊል ከሥነ ጽሕፈታችን የሚመጣ ነው። «ጫነ» ማለት በቅሎዋን ጫነ እንደምንለው ሸክም አኖረ ማለት ነው። «ተጫነ» ደግሞ እህሉ ተጫነ ስንል ተደራጊ፣ በእጁ ተጫነው ስንል አድራጊ ይሆናል። ንኡስ አንቀጾቻቸው በንግግር የሚለዩት በመጥበቅና በመላላት ብቻ ነው፤ የጥብቀት ምልክት በማይጻፍበት ገጽ ላይ ሁለቱም «መጫን» ናቸው። «ይጫናል» የሚለውም ቃል የሚጫነውን ሰው ይሁን የሚጫነውን ዕቃ ያመልክት እንደሆነ ብቻውን ሲቆም አይታወቅም።

እንግዲህ «ድራይቨሩ አልተጫነም» የሚል መልእክት ለተጠቃሚው ቢቀርብለት ምን ያድርግ? ከዚህ በታች ያሉትን ሦስት ሁኔታዎች እንመልከት።

ሀ) የድራይቨሩ ፋይሎች በዲስክ ላይ የሉም። መፍትሔው ፋይሎቹን ከማከማቻው አውርዶ ማስቀመጥ ነው።

ለ) ፋይሎቹ በቦታቸው አሉ፤ ነገር ግን ሞጁሉ ፊርማ ስለሌለው ወይም ለአዲሱ አስኳል ስላልተጠናቀረ አስኳሉ ውስጥ አልገባም። መፍትሔው ቁልፍ ማስመዝገብ ወይም ዳግም ማጠናቀር ነው።

ሐ) ድራይቨሩ ዘምኖ አዲሱ ፋይል በዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ በአስኳሉ ውስጥ እየሠራ ያለው ግን አሮጌው ሞጁል ነው። ከአስኳሉ ውጭ ያለው ወገን አዲስ፣ ውስጥ ያለው አሮጌ በመሆኑ ሁለቱ አይግባቡም። መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩን ዳግም ማስነሣት ብቻ ነው።

ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «አልተጫነም» ተብለው ይጻፋሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ «ተጭኗል» ቢባልም «አልተጫነም» ቢባልም ሐሰት አይሆንም። በሁለተኛው ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ቃሉን በመጀመሪያው ትርጉም ከወሰደው ያንኑ ፋይል እንደገና ያወርዳል። የኩባንያው ድራይቨር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜጋባይት የሚመዝን ስለሆነ የኢንተርኔት ክፍያው በከንቱ ይወጣል፤ መመልከቻውም እንደጨለመ ይቀራል። ከዚህ የምንረዳው የግሡ አሻሚነት የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ሳይሆን የሰው ገንዘብና ጊዜ ጉዳይ መሆኑን ነው።

«ቁልፍ» የሚለው ስም ሲጨመርበት ግራ መጋባቱ ይብሳል። በቁልፍ ሰሌዳ ላይ ያለው ቁልፍ ነው፤ የፊርማ ማረጋገጫውም ቁልፍ ነው። «ቁልፉን ይጫኑ» የሚል መመሪያ ያነበበ ሰው ጣቱን ያሳርፍ ወይስ የማረጋገጫ ቁልፉን ያስገባ? በምዝገባው ገጽ ላይ ሁለቱም ተግባሮች ስለሚፈለጉ ዐውዱ ራሱ አይረዳውም።

4. ልዩነቱ በቋንቋው ውስጥ አለ

ደግነቱ አማርኛ ይህን ልዩነት ለመግለጽ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም። በጫሞ ዳርቻ የተያዘ ዓሣ በጀልባ ተጭኖ ወደ ማረፊያው ይመጣል፤ እዚያም ይራገፋል። በእርሻው ዳር ያለው የውኃ መሳቢያ ሞተር ግን «ተተከለ» እንጂ ተጫነ አይባልም፤ ከቦታው ሲነሣም ተነቀለ ይባላል። ሞተሩ ተተክሎ ሳለ ውኃ የማይስብበት ቀን እንዳለ ገበሬው ያውቃል፤ መተከሉን ከመሥራቱ ጋር አያምታታም። ጭነት ጊዜያዊ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ተከላ ግን ቦታ ይዞ ይቆያል። በዲስክ ላይ ተደራጅቶ የሚቀመጠው ፋይል ከተከላ ጋር፣ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ወደ አስኳሉ የሚገባውና ሲጠፋ የሚወጣው ሞጁል ከጭነት ጋር የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ክፍፍል ሌላው ድጋፍ ተቃራኒ ግሦቹ ናቸው። የመትከል ተቃራኒ መንቀል፣ የመጫን ተቃራኒ ማራገፍ ነው። በእጅ ስልኮች ላይ ፕሮግራምን ከዲስክ ማስወገድ «አራግፍ» ተብሎ ይገኛል። ይህን ቃል በሞጁል ላይ ብናውለው ከአስኳሉ ለጊዜው ማውጣትን ከዲስክ ጨርሶ ከማጥፋት ለመለየት አንችልም። ኑቮን ከአስኳሉ አውጥቶ የኩባንያውን ሞጁል ለማስገባት የሚሞክር ሰው የሚያራግፈው እንጂ የሚነቅለው ነገር የለውም።

5. ስሙስ?

ወደ ስሙ ስንመለስ፣ «ነጂ» ከነዳ የወጣ ነው፤ ነዳ በመሠረቱ ከኋላ ሆኖ ከብትን መምራት ነው። «አሽከርካሪ» ከአሽከረከረ ይወጣል፤ ከሚሽከረከር ነገር ጋር የተያያዘ በመሆኑ በጫሞ ላይ ለሚቀዝፈው ሰው እንኳ በቀላሉ አይሆንም። የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ካርዱን ከኋላ አይነዳም፣ መሪም አይዘውርም። ሥራው ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ለአስተርጓሚ ነው። ሆኖም «አስተርጓሚ» የሚለው ቃል በኮምፒዩተር ሙያ ለሌላ ነገር፣ ይኸውም የፕሮግራም ጽሑፍን በየመስመሩ ፈትቶ ለሚያስፈጽም ሶፍትዌር ስለሚስማማ፣ ለሁለት ማካፈሉ አዲስ አሻሚነት ያመጣል። ስለዚህ «ድራይቨር» ተማሪውም ጠጋኙም የሚናገረው ቃል በመሆኑ እንዳለ ቢቆይ፣ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ግን በአስተርጓሚ ምሳሌ ቢፈታ እንመርጣለን።

በቅጽሎቹም በኩል አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኩባንያው ድራይቨሩን ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ይህ ማለት ግን ማንም ሰው መርምሮ ሊያሻሽለው ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ለአዳዲስ ካርዶቹ የአስኳል ሞጁሎቹን ጽሑፍ በክፍት ፈቃድ አውጥቷል፤ ከአስኳሉ ውጭ ያለው ወገን ግን ዝግ እንደሆነ ቀርቷል። አማርኛ ይህን በአንዲት ፊደል ይለየዋል፤ «በነፃ» የዋጋ ነገር ነው፣ «ነፃ» የመብት ነገር ነው። ተርጓሚው ይህችን «በ» ሳያስብ ቢጥላት ወይም ቢጨምራት የሕግ ትርጉም ያዛባል።

6. መልእክቱ የሚነበብበት ፊደል

ቃሉ ቢስተካከልም ድራይቨሩ ባልሠራ ጊዜ መልእክቱ የት ይነበባል? መስኮቶቹ ሳይከፈቱ ሲቀሩ የሚተርፈው ጽሑፍ ብቻ የሚያሳየው ኮንሶል ነው። የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ከ512 ያልበለጡ የፊደል ቅርጾችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶች ነበሩት፤ ከመሠረታዊዎቹ የላቲን ፊደላት ጋር ይህ ቁጥር በወሰኑ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኒኮድ 6.0 ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የተዘጋጁት ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ድምሩ 523 ደርሶ ከኮንሶሉ ወሰን አለፈ። ለአማርኛ የሚበቃ «ጎሃ» የተባለ የኮንሶል ፊደል በዴቢያን ሥርዓት ውስጥ አለ፤ ሆኖም አስቀድሞ ካልተመረጠ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ። የትርጉም ሥራ መልእክቱን ከጻፉ በኋላ የሚያበቃ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

7. የውሳኔ ሐሳብ

የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጂኖም ለተባለው የመስኮት ሥርዓት ካዘጋጃቸው የአማርኛ ትርጉም ፋይሎች እ.ኤ.አ. 2002 የሚል ዓመት የያዙ አሉ። ይህም መስኩ ጀማሪ አለመሆኑንና የተለመዱትን ቃላት በአንድ ጊዜ መለወጥ እንደማይቻል ያሳያል። ስለሆነም ቢያንስ ስለ ድራይቨርና ስለ አስኳል በሚጻፉ መመሪያዎች ውስጥ የሚከተለው ክፍፍል እንዲጠበቅ ሐሳብ እናቀርባለን።

መትከል፣ ተከላ፤ ተቃራኒው መንቀል፦ ፋይሎችን በዲስክ ላይ አደራጅቶ ማስቀመጥ።

መጫን፣ ጭነት፤ ተቃራኒው ማራገፍ፦ የተተከለን ሞጁል በሥራ ላይ ወዳለው አስኳል ማስገባት።

መምታት፦ የሰሌዳ ቁልፍን፤ መንካት፦ በገጽ ላይ ያለን ምልክት።

ማጠናቀር፦ የሞጁሉን የፕሮግራም ጽሑፍ ለአስኳሉ እትም ወደሚስማማ የማሽን ቋንቋ መለወጥ።

መፈረም፦ ሞጁሉን በማረጋገጫ ቁልፍ ማተም፤ ማስመዝገብ፦ ያንን ቁልፍ ኮምፒዩተሩ እንዲያውቀው ማድረግ። «ቁልፍ» የሚለው ስም በዚህ ትርጉም «የማረጋገጫ ቁልፍ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ።

ይህ ከተጠበቀ «ድራይቨሩ ተተክሏል፤ ነገር ግን አልተጫነም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በጨለመ መመልከቻ ፊት ለተቀመጠው ተጠቃሚ ፋይሉን ዳግመኛ እንዳያወርድ፣ ፊርማውንና ጥንቅሩን ግን እንዲመረምር ይነግረዋል። በጀማሪ እጅም በባለሙያ እጅም የሚገባው ጽሑፍ ያው አንድ ነውና፣ ተርጓሚዎች ስሙን ከመምረጣቸው በፊት ግሦቹን እንዲለዩ እናሳስባለን።